ሃምሳኛው ዙር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ምሽት 1፡20

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለሥራ ነው። ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህሯ ኬኔ ቤቴ ድረስ መጣች። የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ልትወልድ ስለደረሰች፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ክፍሏን እንድይዝ ለመነችኝ። ኬኔ ተማሪዬ ነበረች። አንድ ጊዜ የቤት ሥራዋን ሦስቴ አስደግሜያት አልቅሳለች። ዛሬም ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው እጇን አጣምራ ነው። አስቤ ነገ አሳውቅሻለሁ አልኳት። ከበሩ ሳትወጣ ግን ጠርቼ እሺ አልኳት።

የቀረው ምዕራፍ ኤሌክትሮማግኔት ነው። ምስማር፣ የመዳብ ሽቦ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ስፒል። ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ባስተማርኩበት ጊዜ አንድም ቀን አልከሸፈብኝም።

ሌላም መመዝገብ ያለበት ነገር አለ። ዛሬ ድስት አሳረርኩ። ምስር ምድጃ ላይ ጥጄ፣ የኮት ጨርቅ ለልብስ ሰፊዋ ለወ/ሮ ደብሪቱ ላደርስ ወጣሁ። መንገዱ ደርሶ መልስ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። የተመለስኩት ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። ጎረቤቶች በመስኮት ገብተው ምድጃውን አጥፍተውት ደረስኩ። ይህን ለልጄ ለሊሊሴ በስልክ መንገሬ ስሕተት ነበር። ሊሊሴ አዳማ ፋርማሲስት ናት፤ ዝም ስትል መድኃኒት የምትቆጥር ይመስላል። «አባኮ፣ አጎቴም እንዲህ ነበር የጀመረው» አለችኝ።

ታላቅ ወንድሜን ጆቴን ማለቷ ነው። ጆቴ በስተመጨረሻ የራሱን በር አንኳኩቶ የማን ቤት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ሆኖ ሞተ። ስለዚህ ሊሊሴ ከሰኔ ጀምሮ አዳማ ከእሷ ጋር እንድኖር ትፈልጋለች። ኮቱም ለዚያ ጉዞ የታሰበ ነው። ለአዳማ ሙቀት ኮት ምን ያደርጋል የሚለውን አላሰብኩበትም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23፣ ቀን 10፡05

62 ተማሪ። ሦስት በአንድ ዴስክ። ቤተ ሙከራ በሚባለው ክፍል የተገኘ፦ የማይጮኽ ደወል አንድ፣ ብርጭቆ ሁለት፣ የእንቁራሪት ሥዕል፣ የአይጥ ጎጆ። ሽቦ ከሞተር ጠምጣሚው፣ ምስማር ከእህል መደብሩ ጎን ካለው ሱቅ።

ፊት ወንበር ላይ ዛህራ የምትባል ልጅ አለች። ያየችውን ሁሉ ካልነካች አታምንም። የባትሪ ድንጋዩን አሽትታ ለምን እንደሚሸት ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ክፍሉ ደነገጠ። መምህር አላውቅም ሲል ሰምተው አያውቁም መሰለኝ።

ድስቱን በአሸዋ ፈተግሁት። ሊለቅ አልቻለም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26፣ ቀን 8፡30

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ዝናብ ያዘኝ፤ ጃንጥላዬ የለም። ቀነአ የእሱን ዘረጋልኝ። ሃያ ዓመት በአንድ የመምህራን ክፍል ተቀምጠናል፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ሳይንስ። ጃንጥላዬን የት እንዳኖርኩ ጠየቀኝ። ዓርብ ዕለት ኮት ስለካ ወ/ሮ ደብሪቱ በረንዳ ላይ ሳልረሳው አልቀርም አልኩት። ረቡዕም ተለክተህ ነበር አለ። ትከሻው ነው ያኔ፣ ዓርብ ደግሞ ወገቡ አልኩት።

ቀነአ ውኃ የሞላ ጉድጓድ ዘሎ፣ «እኔ ሚስቴን ሳገባ እንኳ የተለካሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ቆሜ ሳልጨርስ» አለ።

ሒሳብ ያስተማረ ሰው ስለ ልክ እንዲህ መቀለድ የለበትም። ዋናው ነገር ጃንጥላ መርሳቴ ነው። ድስት፣ አሁን ጃንጥላ። በአምስት ቀን ሁለት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29፣ ምሽት 12፡50

የመጀመሪያው ሙከራ፣ ቤት ውስጥ። ምስማር ዐሥር ሳንቲ ሜትር። ሽቦው በቫርኒሽ የተሸፈነ ስለሆነ ጫፍና ጫፉን በምላጭ ፋቅሁት፤ ካልተፋቀ ኮረንቲ አያሳልፍም። ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ። አጠማጠም፦ የምስማሩ ራስ በግራ እጄ በኩል ሆኖ፣ ቀኝ እጄ ሽቦውን ከራሴ ወደ ውጭ ያዞራል። ሁልጊዜ እንዲህ።

25 ዙር — 3 ስፒል።
50 ዙር — 7 ስፒል።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ አልተለወጠም። የኮረንቲው መንገድ ሲቋረጥ ስፒሎቹ ይረግፋሉ። ስንት ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም ሲረግፉ ደስ ይለኛል።

ስፒሎቹ የወ/ሮ ደብሪቱ ናቸው። ከሱቅ መግዛት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የሱቅ ስፒል አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነው። የእሳቸው ሁሉም 26 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ አንድ በአንድ ለክቻለሁ። ለጥንቃቄ እዚያው በረንዳቸው ላይ ነው የለካሁት። ወ/ሮ ደብሪቱ የኪራሙ ሰው ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ። በ2013 ከዚያ ሲወጡ ያተረፉት የስፌት መኪናቸውን ብቻ ነው። ስፒል ስለካ ዐይተው፣ እሳቸው በሠላሳ ዓመት ሥራ የስፒል ቁመት ለክተው እንደማያውቁ፣ ግን አንድም ቀሚስ ተበላሽቶባቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። በትሕትና ነው የነገሩኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1፣ ቀን 11፡15

መብራት የለም። ከአዲስ አበባ አውቶቡስ አልገባም፤ መንገድ ላይ ችግር አለ ይባላል። ሊሊሴ አራት ጊዜ ደወለች።

75 ዙር — 11 ስፒል።

7ኛ «ለ»ን 7ኛ «ሀ» መስለውኝ ያለፈውን ትምህርት ደገምኩላቸው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማንም አልተናገረም። ዛህራ ናት በመጨረሻ እጇን አውጥታ ይህን ማክሰኞ እንደተማሩት፣ ግን ዛሬ የተሻለ እንደሆነ የነገረችኝ። ወደ ክፍል የገባሁት በወ/ሮ ደብሪቱ በኩል ዞሬ ነው፤ ኮቱ እንዳልደረሰ ነገሩኝ። ግራ እጅጌው በሁለት ሳንቲ ሜትር አጥሯል።

ሦስት።

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ምሽት 2፡00

እጄ እስካሁን ጭቃ ጭቃ ይሸታል። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

በ9፡30 ከትምህርት ቤት ስመለስ ነፋስ ተነሣ። በረንዳው ጋ ስደርስ የደብሪቱ የስፒል ቆርቆሮ ከመኪናው ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ መንገዱ ዳር ጭቃና ጠጠር ውስጥ ተበተነ። እሷ ልትለቅም ጎንበስ ስትል፣ ጣትዎን ይወጉታል፣ ይቆዩ አልኳት። ባለ 75 ዙሩ ምስማር ከነባትሪ ድንጋዩና ከነማብሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ሱሪዬን ሰብስቤ ተንበረከክሁ። ምስማሩን ጭቃው ላይ አስጠግቼ ማብሪያውን ስጫን፣ ስፒሎቹ ከጠጠሩ ሥር እየወጡ ተንጠለጠሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ወስጄ ስለቅቀው ጠረር ብለው ይወርዳሉ። እንደገና። ሽቦው እንዳይግል በየመሐሉ ሠላሳ ሴኮንድ አሳርፋለሁ። ባጃጅ ነጂዎች ተሰበሰቡ። አንዱ በርሲሳ፣ በኦሮምኛ መምህሩ ማለቱ ነው፣ ወርቅ አገኘ ብሎ ጮኸ፤ ሌላው እኔም ቀለበት ወድቆብኛል፣ ሲጨርስ ወደዚህ ይምጣ አለ። ወርቅን ማግኔት እንደማይስብ አስረዳሁት። ተንበርክኬ ነው ያስረዳሁት።

ደብሪቱ በመጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። በኋላ የመኪናዋን ጠረጴዛ ይዛ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ አይቼ አላውቅም፤ ትከሻዋ ሁሉ ይስቃል። 143 ስፒል። ከመውደቁ በፊት ስንት እንደነበረ ስላልተቆጠረ የጠፋው መጠን አይታወቅም።

ምሽቱን ጉልበቴን ያመኛል ብዬ ነበር፤ አላመመኝም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፣ ቀን 12፡10

ዛሬ አንድ እግሬ ላይ ጥቁር፣ አንዱ ላይ ቡናማ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ከቤት እስከ ደብሪቱ በረንዳ ድረስ አላወቅሁም። እሷ ናት ያየችው። ምንም ሳትል በጠመኔዋ አንድ ጊዜ ወደ ቀኙ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራው አመለከተች። በዚህ ጠዋት ፊቴን ሁለት ጊዜ ተላጭቼ ጫማዬን ሳላይ መውጣቴ ይገርማል።

አራት።

ስለዚህ ለሊሊሴ ራሴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። መደበቅ ስሕተትን ያበዛል፤ ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። ሊሊሴ ትኬት እቆርጣለሁ አለች። እንዲህ ተስማማን፦ ግንቦት 22 ዓርብ የመጨረሻው ሙከራ በክፍል ውስጥ ይደረጋል። እሷ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። እኔ ውጤቱን አስቀድሜ በቁጥር ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ከከሸፈ ሻንጣዬን በገዛ እጄ አዘጋጃለሁ። ከሠራ ስለ አዳማ ድጋሚ አይነሣም።

ቀነአ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ቤትህን በአንድ ምስማር አስይዘሃል» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፣ ምሽት 3፡15

ነገሩን እንደ ማንኛውም ችግር መመርመር አለብኝ። ሰንጠረዥ ሠራሁ። በቁመት አራቱ የመርሳት ቀናት፤ በአግድም እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የደም ግፊት፣ የአየር ሁኔታ።

ድስት፦ እንቅልፍ ሰባት ሰዓት፣ ግፊት ደህና፣ ፀሐይ።
ጃንጥላ፦ እንቅልፍ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ግፊት ደህና፣ ዝናብ።
7ኛ «ለ»፦ እንቅልፍ ስምንት ሰዓት፣ ቁርስ ቂንጬ፣ ደመና።
ጫማ፦ እንቅልፍ አምስት ሰዓት፣ ግፊት ደህና፣ ፀሐይ።

የጋራ ምክንያት አልተገኘም። ጆቴም ግፊቱ ደህና ነበር።

ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ነው የምጽፈው፤ ባለቤቴ ድርቤ በሕይወት ብትኖር ይህን ሰንጠረዥ በአንድ ዐይኗ ታነበው ነበር። ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ድርቤ ሁልጊዜ የምትለኝ «አንድ ዓምድ ትረሳለህ» ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፣ ቀን 7፡40

ኮቱ አሁንም አልደረሰም። ግራ እጅጌው። ሦስተኛ ጊዜ ተፈታ። ደብሪቱ እጀ ጠባብ የሆነ ነገር ቢሰጧት እንኳ በአንድ ቀን የምትጨርስ ሴት ናት፤ ከኡኬ ድረስ የሙሽራ ልብስ የሚያሰፉ ይመጡላታል። የእኔ ክንድ የተለየ ሳይሆን አይቀርም።

መኪናዋን እያዞረች አዳማ ይሞቃል ይባላል አለች። ይሞቃል አልኳት። እዚያስ ትምህርት ቤት አለ ወይ አለች። አለ፣ ግን እኔን አያውቁኝም አልኳት። እሷም መኪናዋን ማዞሯን ቀጠለች።

በኋላ ስለ ምስማሩ ጠየቀችኝ። ኮረንቲው ሲጠፋበት ሁሉንም ይረሳል ወይ ነው ያለችው። እንደ ብረቱ ነው አልኳት፤ ለስላሳ ብረት ወዲያው ይለቃል፣ ጠንካራው ግን ጥቂት ያስቀራል፤ የእኔ ምስማር ሁልጊዜ አንድ ስፒል አልለቅም ይላል።

«እንግዲያው ልማዱ ነዋ» አለች፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

ሳይንሳዊ መልስ አልነበረም። እስከ ቤት ድረስ ግን እያሰብኩት ሄድኩ። ከዚያ በቤቴ በኩል አልፌ ሄጄ ኖሮ ከጤና ጣቢያው ተመለስኩ።

አምስት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20፣ ምሽት 1፡30

የዓርቡ ምስማር ተዘጋጀ። ዝርዝሩ፦

9፡05 — አዲስ ምስማር፣ አዲስ ሽቦ። ጫፎቹ ተፋቁ።
9፡15 — የመጀመሪያው ድርብ ተጀመረ፣ ከምስማሩ ራስ ወደ ጫፉ። ራሱ በግራ እጅ።
9፡40 — 50 ዙር። ጫፉ ጋ ደረሰ። ደብሪቱ መጣች።
11፡20 — ሄደች።
11፡25 — ሁለተኛው ድርብ በመጀመሪያው ላይ ተጠመጠመ፣ ከጫፉ ወደ ራሱ። 50 ዙር።
11፡50 — ጠቅላላ 100 ዙር። በናስትሮ ተሸፈነ።

የመጣችው እጅጌውን በክንዴ ላይ ልትለካ ነው። ቤቴ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ተከፍቶ፣ ጎረቤት እያየ፣ ሁሉም በሥርዓት ነበር። በሜትሯ ከትከሻዬ እስከ አንጓዬ ለካች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ስላለው የምድርና የፀሐይ ሥዕል ጠየቀችኝ፤ ክረምት ለምን ይመጣል ላልኳት ጥያቄ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ካስተማርኩት መልስ የተሻለ መለሰች፤ ሰማይ ጠላ እንደምትጠምቅ ሴት ቀን ይቆጥራል አለች። ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።

ምስማሩን ሳልፈትነው መሸ። አያስፈልግም። 25 ዙር 3፣ 50 ዙር 7፣ 75 ዙር 11፤ ስለዚህ 100 ዙር 15። እርግጠኛ ነኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21፣ ምሽት 2፡10

ሊሊሴ ደረሰች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ ነበረች። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ምድጃውን ነካች፣ ድስቱን አየች፣ መድኃኒቴን ቆጠረች። ልክ ነበር። ከስታለች። እኔን ወፍረዋል አለችኝ፤ ሳፏጭም ሰማችኝ። ከእናቷ ሞት ወዲህ አፏጭቼ እንደማላውቅ ነገረችኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 22፣ ሌሊት 5፡00

ሻንጣዬ በር አጠገብ ተዘጋጅቶ ቆሟል። በዚህ ልጀምርና ወደ ኋላ ልሂድ።

ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር፤ 62ቱም፣ ኬኔ፣ ከኋላ ወንበር ሊሊሴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሰሌዳው ላይ «100 ዙር = 15 ስፒል» ብዬ ጻፍኩ። በሥሩም አሰመርኩ። ስፒሎቹን ሳሕን ውስጥ ዘረጋሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ።

ምንም።

እንደገና ተጫንኩ። አንድም ስፒል አልተነሣም። የባትሪ ድንጋዮቹን ቀየርኩ። ምንም። ሽቦውን ነካሁት፤ ሞቋል። ኮረንቲው አለ፣ ምስማሩ አለ፣ ማግኔቱ የለም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሰሌዳው ላይ ያሰመርኩበትን 15 አየሁ፤ ከዚያ ጆቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ ታየኝ። ሊሊሴን አላየኋትም፤ ማየት አልፈለግሁም።

ዛህራ ተነሥታ ልፍታው ወይ አለች። ክፍሉ ሁሉ እኔን ያያል። የማይሠራ ነገር አይወረወርም፣ ይፈታል ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሰጠኋት።

ናስትሮውን ላጠችው። ሽቦውን እየፈታች ጮክ ብላ ቆጠረች፤ ክፍሉም አብሯት። ሃምሳ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምስማሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ጫፉ ላይ ሽቦው እንደ ዓሣ መንጠቆ ታጥፏል።

«በርሲሳ፣ እስከዚህ በአንድ በኩል ነው የዞረው፤ ከዚህ በኋላ በተቃራኒው» አለች። «የጠመጠመው ሰው እዚህ ጋ ተነሥቶ ነበር?»

ወዲያው ገባኝ። ምስማሩን አስቀምጬ ስመለስ ገልብጬ ነው ያነሣሁት፤ ጫፉን በግራ እጄ። እጄ እንደለመደው ወደ ውጭ አዞረ፤ ለምስማሩ ግን አቅጣጫው ተቃራኒ ሆነ። ሃምሳው ወደዚህ ይጎትታል፣ ሃምሳው ወደዚያ። ገመድ እንደሚጓተቱ ሁለት እኩል ቡድኖች ነው አልኳቸው፤ ሁሉም ላባቸው ይንጠፈጠፋል፣ ገመዱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ሽቦው የሞቀው ለዚያ ነው። እንዲህ ያማረ ምሳሌ አስቤበት ብሠራው ኖሮ አላገኘውም ነበር። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ የጎረቤት ክፍል መምህር በመስኮት አየ።

ዛህራ ግን አልተቀመጠችም። ለምን ተነሣ አለች። ምክንያት ሳይመዘገብ ሙከራ አያልቅም ያሉን እርስዎ ነዎት አለች። እውነቷን ነው። ይህን ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁ። 9፡40፣ 50 ዙር። ቀጥሎ ያለውን ለራሴ አነበብኩት።

እንግዳ መጥቶ ነበር አልኩ።

«ማን?» አለች ዛህራ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር፣ በጠራ ድምፅ፣ ሊሊሴ «እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት የሚባል ነገር አልነበረም። እንደገና ጠመጠምኩ፤ ዛህራ የምስማሩን ራስ ጥብቅ አድርጋ ያዘችልኝ፣ እንዳይገለበጥ። ስድሳ ሁለት ልጅ በኦሮምኛ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለ እስከ መቶ ቆጠረ፤ ኬኔም ትቆጥር ነበር፣ እጇን ሳታጣምር። ማብሪያውን ስጫን 16 ስፒል ተንጠለጠለ። ከገመትኩት አንድ ይበልጣል። ስለቅቀው 15ቱ ረገፉ፣ አንዱ አልለቅም አለ። ጩኸቱ እስከ ዋናው መንገድ ሳይሰማ አይቀርም። እኔም ጮኼ እንደሆነ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ግን ይከረክረኛል።

የሆነ ሆኖ ስምምነት ስምምነት ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት ዜሮ ነው። ስለዚህ ሻንጣውን አዘጋጀሁ።

ከዚያ ሰንጠረዡን አወጣሁና አንድ ዓምድ ጨመርኩበት፦ «ከዚያ በፊት የት ነበርኩ?»

ድስት። ጃንጥላ። 7ኛ «ለ»። ጫማ። ጤና ጣቢያው። አሁን ደግሞ ምስማሩ። ከጫማው በቀር አምስቱን ሞላሁ፤ አምስቱም አንድ ናቸው። ጫማው ላይ ትንሽ ተቸገርኩ፤ ከዚያ በፊት የትም አልነበርኩም፣ ልሄድ ነበር እንጂ። እሱንም ሞላሁት።

ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ብዕሩን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሊሊሴ ከጓዳ ምን ሆኑ አለችኝ። ምንም፣ ተኚ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23፣ ምሽት 1፡00

ሊሊሴ ጠዋት ልብስ ሰፊዎ የት ነው ያሉት ብላ ብቻዋን ወጣች። ልከተላት አልደፈርኩም። ቤቱን ጠረግሁ። የጠረግሁትን እንደገና ጠረግሁ። ቀነአ መጥቶ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ፣ አልነሣም አለ።

ሊሊሴ በሰባት ሰዓት ተመለሰች። ኮቴን በክንዷ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በራሷ ሜትር ሁለቱን እጅጌዎች ለካች፤ እኔ እያየሁ። እኩል ናቸው። አሁን ብቻ አይደለም፤ የስፌቱን ቀዳዳ አሳየችኝ፣ ግራው እጅጌ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ሦስት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ተሰፍቷል። አንድም ቀን አላጠረም።

ቀነአ ኮቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከሻንጣው ላይ ተነሥቶ ሄደ። በሩ ላይ የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ አላስችል አለው።

«አባኮ፣ እኔ የፈራሁት ምክንያት የሌለውን መርሳት ነው» አለች ሊሊሴ። «የእርስዎ ምክንያት አለው። አይቻትም መጣሁ።»

የመጀመሪያው ሙከራ ዜሮ ነው አልኳት። ስምምነቱ ቁጥሩ ከከሸፈ ይላል። ሻንጣውን ከፍታ ሸሚዞቼን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥን መለሰች፤ እንደ እናቷ፣ በቀለም እየለየች። ስትጨርስ፣ ሰንጠረዡን ተከፍቶ አይታው ኖሮ፣ ፊቷን ሳታዞር እናቴ ብትኖር ይህን ዓምድ መጀመሪያ ነበር የምትሞላው አለች።

ነገ ትመለሳለች። ብቻዋን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ በረንዳው ሄድኩ። ኮቱን ለብሼ ነበር፤ ፀሐይ ቢሆንም። ጫማዬን ከመውጣቴ በፊት አይቻለሁ።

ደብሪቱ አየችኝና መኪናዋን አቆመች። ሊሊሴ ያለችውን አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። የዓርቡን ሙከራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። መንጠቆው ጋ ስደርስ፣ በ9፡40 የመጣውን እንግዳ ስም ሳልደብቅ ነገርኳት። ከዚያ ስለ እጅጌው ጠየቅኋት። ልክ እንደ ዛህራ ነው የጠየቅኋት፤ ምክንያቱ እንዲመዘገብ።

ጨርቁን በመዳፏ አስተካከለች። ለረጅም ጊዜ አስተካከለችው።

«ኮቱ ካለቀ አዳማ ይሄዳሉ ብዬ ነው» አለች። «ከኪራሙ ስወጣ ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ ጋሽ ጨመዳ። አንድ እንኳ ባልሸኝ ብዬ።»

ቦርሳዬን ከፍቼ አዲስ ምስማርና ጥቅል ሽቦ አወጣሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ባለ 200 ዙር ማዘጋጀት እንደምፈልግ፣ ኬኔም የትምህርት ቤቱን የሳይንስ ክበብ እንድይዝ እንደጠየቀችኝ ነገርኳት። ከዓርቡ ስሕተት በኋላ በአሠራሩ ላይ አንድ ማሻሻያ እንዳደረግሁ ነገርኳት፦ አንድ ሰው ይጠመጥማል፣ አንድ ሰው ምስማሩን ይይዛል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ምስማሩን ገልብጦ ማንሣቱ አይቀርም።

ደብሪቱ የምስማሩን ራስ በሁለት ጣቷ ያዘች። ልክ ስፌት እንደምትይዝ፣ አጥብቃ።

«ቢቆይብኝስ?» አለች።

ይቆይ አልኳት።

ባጃጅ ነጂዎቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ አዩን። ከመቶ በኋላ መቁጠሩን ለእሷ ተውኩላት። ሁለት ጊዜ ተሳስታ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርን፤ የተሳሳተችው ሆን ብላ ይመስለኛል፣ ግን አላረጋገጥሁም። ጠቅላላ 200 ዙር። አቅጣጫው አልተለወጠም። ስንት ሰዓት እንደፈጀ አላየሁም።